በአዋሳ ካርድ ለባለቤቱ ያደረስንባቸው ቀናት

የማኅበራችን ሴቶች አዋሳ ምን ትመስላለች እያሉ ሲጠይቁኝ ስለ ሐይቋ ብቻ ስነግራቸው ኖሬአለሁ። ውሃው እንዴት እንደሚሰፋ፣ ዓሳው እንዴት እንደሚጠበስ፣ ሙቀቱ ሰውነትን እንዴት እንደሚያላላ አውርቼ አውርቼ ጨርሻለሁ። የሰነበትኩበትን ዋናውን ጉዳይ ግን ያ መንግሥት እስኪያልፍ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ልጄ «ስም ለውጪና ጻፊው» ስላለችኝ፣ የሁሉንም ስም ለውጬ፣ የራሴንም ትቼ፣ እንደሆነው እጽፈዋለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አገር ማየት ግን ከልጅነቴ እወዳለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ «ይቺን ሴት በገመድ ካላሰርናት አትቀመጥም» ይል ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

ረቡዕ

ከደብረ ሲና የተነሳሁት ጭጋጉ ከደጃፍ ሳይለቅ ነው። በዚያን ጊዜ ካገር አገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ እጄ ላይ ያደገ ልጅ ስለሆነ አላስቸገረኝም።

«ደግሞ ወዴት ነው እማማ?»

«አዋሳ። አስካለን ላያት።»

«ምን ሆና?»

«ምንም አልሆነች። ናፈቀችኝ።»

«ሥራዋ ምንድነው ብዬ ልጻፍ?»

«ሐኪም ቤት ካርድ ታወጣለች።»

ማኅተሙን እፍ እፍ ብሎ መታልኝ። «ጥሩ ሥራ ነው። ከሰው ጋር አያጣላትም» አለኝ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ወረቀቱን ከመቀነቴ ቋጠርኩት።

አስካለ የመጨረሻ ልጄ ናት። ለሷ የያዝኩት በሶ፣ የገብስ ቆሎና በቅል የታሸገ ቅቤ ነበር። ቅቤው በኛ ብርድ ድንጋይ ሆኖ፣ ቢወረውሩት ሰው የሚፈነክት ነው። አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ ዋሻውን ካለፈ በኋላ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍና ንቃት እየተፈራረቁብኝ አዲስ አበባ ገባሁ። ያደርኩት የሟች ወንድሜ ሚስት ቤት ነው። እግሬን በሞቀ ውሃ አጥባ፣ አልጋዋን ለቃልኝ እሷ ከልጆቿ ጋር መሬት ተኛች። አይሆንም ብል ማን ሰምቶኝ።

ሐሙስ

ከሞጆ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። የኛ አገር መንገድ ገደል ለገደል ሲዞር ይውላል፤ ይሄኛው ግን እንደተዘረጋ ጋቢ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ ከግራር በቀር የሚጋርደው ነገር የለም። መቂ ሳንደርስ ጎማ ፈንድቶ ከአንድ ግራር ሥር ቁጭ ብለን ዋልን ማለት ይቻላል። ያላወቅኳት ሴት ከአገልግሏ ቂጣ ቆርሳ አጎረሰችኝ፤ እኔም ከቆሎዬ ዘገንኩላት።

ዝዋይ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ረጅም ልጇን በትከሻዋ ደግፋ ገባች። አጠገቤ የነበሩት ወርደው ስለነበር ልጁ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ መሐል ተቀመጡ። እኔ በሙቀቱ ነጠላዬን አውልቄ አራግባለሁ፤ እሱ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ብዙም ሳንሄድ ያ ድንጋይ የነበረው ቅቤዬ ከዕቃ መጫኛው ላይ ቀልጦ፣ በቅሉ ክዳን ሾልኮ ጠብ ጠብ እያለ የልጁ አናት ላይ ወረደ። የምገባበት ጠፋኝ። እናቱ ቀና ብላ አየችና ሳቀች።

«ይተዉት እማማ። ራሱን ሲያመው ነው የሰነበተው። እኔም ቅቤ አጥቼ ነበር» ብላ በመዳፏ እያሸች አናቱን ትቀባው ጀመር።

ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ «ቂጣም ካለ ይጣሉልኝ» አለ።

እንዲህ ተዋወቅን። ማርታ ልበላት። የሲዳማ ሰው ናት፤ አዋሳ አሞራ ገደል ዓሳ ትሸጣለች። ልጇ ማቴዎስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዝዋይ አጎቱ ቤት ተቀምጦ ሳለ ወባ ጣለው። ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አልነገረችኝም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ወቅቱ ወጣት ለውትድርና ከመንገድ እየታፈሰ የሚጫንበት ነበር። እኛም አገር ወንዶቹ ልጆች ጫካ ያድሩ ነበር።

ሻሸመኔ መግቢያ ኬላው ላይ ወታደሮች ገቡ። ከኋላ ሁለት ወጣቶች አወረዱ። አንዱ ወታደር የማቴዎስን ጋቢ ገልጦ ላብና ቅቤ የሚወርድበትን ፊት አየ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«የምታየው ነው ልጄ። ወባ ነው» አልኩት እኔ።

ወታደሩ ራሱ ከልጁ እምብዛም አይበልጥም። ጋቢውን መልሶ አለበሰው። «ሐኪም ቤት ውሰዱት» አለ፤ ሲወርድ ደግሞ ዞር ብሎ፣ «ሲሻለው ይመጣል፤ የት ይሄዳል» አለ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ለማርታ ልጄ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል እንደምትሠራ፣ ቀጥታ ይዛው እንድትሄድ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

«ሐኪም ቤት አልወስደውም እማማ። ስም ይጠይቃሉ። ቀበሌ ይጠይቃሉ። የቤት ቁጥር ይጠይቃሉ። ካርዱን ለውትድርና የሚመለምለው ኮሚቴ ሊያየው ነው እየተባለ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ሆኖ ሊቀመጥ ነው?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «የእህቴ ልጅ ካርድ አለ። እሱ አሥራ አራት ነው። በሱ አስገባዋለሁ።»

አዋሳ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አየሩ እንደ ከብት ትንፋሽ ሞቅ ብሎ ፊቴን ዳሰሰኝ። ማርታ «ዓሳ ገበያ ማርታ ብለው ይጠይቁ» ብላኝ ልጇን በጋሪ ጭና ሄደች፤ እኔንም ሌላ ጋሪ ታቦር ተራራ ሥር ልጄ ቤት አደረሰኝ። አስካለ የምትኖረው ከሰው ግቢ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። ከስታለች። በሶውን በጥብጣ እየጠጣን የልጁን ነገር፣ የእህት ልጅ ካርዱን ሳይቀር ዘረገፍኩላት።

ኩባያዋን አስቀመጠች። «ስሙን አትንገሪኝ» አለች።

«ለምን? ጎረቤቶችሽ ሰምተው ቢጠይቁት ምን አለበት?»

እኛ አገር ሰው ሲታመም ወሬው ከሸንተረር ሸንተረር ይሻገራል፤ ሳይመሽ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ሕመሙን የደበቀ ሰው ሰው የጠላ ነው የሚመስለን። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እዚህ የታመመ ሰው የት እንደተኛ ማውራት ሰውዬውን ማስረከብ ሆኗል እማዬ። ግን ለሴትየዋ አንድ ነገር ንገሪያት። በሰው ካርድ እንዳታመጣው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ክረምት ላይ አንዲት እናት ልጇን በዘመዱ ስም ይዛ መጣች። ሳንባውን ነበር ያመመው። የራሱ ካርድ ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በቀይ ተጽፏል፤ በያዘው ካርድ ላይ ግን ምንም የለም። ወጉት። መርፌው ከወጣ በኋላ ብዙ አልቆየም። «ቀዩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች አስካለ። «መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ነበር።»

የማን ልጅ እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ዓርብ

በጠዋት አሞራ ገደል ወረድኩ። ትልቅ ውሃ ማለት ለኔ እስከዚያ ቀን የሮቢ ወንዝ ነበር። ጀልባዎቹ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲሉ፣ አባ ኮዳ የሚሏቸው ትልልቅ አሞራዎች እንደ ሽማግሌ ዳኛ እጃቸውን ኋላ ያጣመሩ መስለው ሲንጎራደዱ ቆሜ አየሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ «እማማ ይቅመሱ» አሉኝ።

«ዓርብ ነው፤ ጾም ነው» አልኳቸው።

«ዓሳ እኮ ደም የለውም» አለኝ አንዱ።

«አንተ ስትቀርድደው ያየሁት ምንድነው ታዲያ?» አልኩት፤ ጓደኞቹ ሳቁበት።

ማርታ ከሥራዋ ነጥላ ቤቷ ወሰደችኝ። ማቴዎስ ጓዳ ውስጥ፣ ከእንሰት ቅጠል በተሠራ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ቀና ብሎ «ባለቅቤዋ እናት መጡ» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ ድምፁ ግን ደርቋል። ማርታ ቆጮና ቦሎቄ አቀረበችልኝ። ቆጮን ያን ቀን ነው የቀመስኩት፤ ሽታው ለኛ እንግዳ ነው፤ ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ግን እጄ አልተመለሰም። ልጄ ያለችውን ነገርኳት። የሞተውን ልጅ ነገርኳት።

ማርታ ትሪውን ከፊቴ አነሳች። «እማማ፣ ምን እያሉኝ ነው? በሰው ስም ከሚድን በራሱ ስም ይሙት?»

ልጁ ከምንጣፉ ላይ «እኔን የሚጠይቀኝ የለም» አለ፤ ሁለታችንም አላየነውም።

ያን ዕለት ማታ አስካለ ከሥራ እንደተመለሰች የሐኪም ቤቱ አስተዳዳሪ እኛ ቤት ድረስ መጣ። አቶ በላይ ልበለው። ቢሮ ውስጥ ጓድ ነው የምትለው፤ ቤት ግን ጋሽ በላይ አለችው። ለኔ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ በሶ ስንሰጠው ይዞት ተቀመጠ እንጂ አልቀመሰውም።

«አስካለ፣ ሰኞ የውትድርና ኮሚቴው ይመጣል። የወጣት ወንዶቹን ካርድ ይፈልጋሉ። በሽታውን አይደለም፤ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን።»

«ጋሽ በላይ፣ አድራሻ የምንጽፈው እኮ የሳንባ ሕመምተኛ መድኃኒት ሲያቋርጥ ሄደን እንድንፈልገው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ካልሰጠን ቤት ለቤት ያስሳሉ። ባለፈው ሲያስሱ የሆነውን አይተሻል። አሮጊት ገፍትረው ወገቧን ሰበሩ። ጺም ያላበቀለ ልጅ ሳይቀር ጫኑ። አድራሻ ካላቸው የሚፈልጉትን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ የማስበው ለብዙው ሰው የሚያንሰውን ጉዳት ነው። ሌላ መንገድ ካለ ንገሪኝ።»

«የብዙውን ሰው ጉዳት ካሰብንማ ከሰኞ ወዲያ ወባ የያዘው ወጣት ሁሉ ቤቱ ይተኛል። ወይም በሰው ስም ይመጣል። ክረምት ላይ ያየነውን ረሱት? ደግሞ ያ ሁሉ ባይሆንም አልሰጥም። ሰው ስሙን የሚነግረኝ ስለታመመ ነው። ደህና ቢሆን አይነግረኝም ነበር» አለች።

እኔ መግባት አልነበረብኝም፤ ገባሁ። «ልጄ፣ እኛ አገር ሰው የሆዱን ለንስሐ አባቱ ይነግራል። ቄሱ ዳኛ ቢጠራው እንኳን አይናገርም። ቢናገር ማን ይናዘዛል?»

«እናቴ፣ ካርድ ክፍል ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እኔም ቄስ አይደለሁም። የመንግሥት ደሞዝተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ።» ይህን ሲል አልተቆጣም። ደክሞታል።

በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። «ሰኞ ነው የሚመጡት። ዛሬ ዓርብ ነው። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

ከሄደ በኋላ «ለምን ሁለቴ ነገረን?» አልኳት።

አስካለ ያልተነካውን በሶ ወደ ማሰሮው መለሰች። «የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው» አለች። «ሁለተኛው አይደለም።»

ቅዳሜ

በማግስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ አብሬያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ድንገት «እማዬ፣ ካርዱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የመንግሥት ነዋ።»

«ካርቶኑ የመንግሥት ነው። የተጻፈበት ግን የሰውዬው ነው። ለሰውዬው ብመልስለትስ?»

ልታቃጥለው አልፈለገችም፤ ካርዱ ከተቃጠለ የሚቀጥለው ሐኪም ፔኒሲሊኑን አያውቅም። ልትደብቀውም አልፈለገችም፤ የተደበቀ ይገኛል። በየቤቱ ከተበተነ ግን አንዱን ለማግኘት ያንኑ አንድ ቤት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያን ደግሞ የሚነግራቸው ካርዱ ነበር። ያን ዕለት ለመድኃኒት የመጡት ወጣቶች የየራሳቸውን ካርድ በኪሳቸው ይዘው ወጡ። የቀሩትን እኩለ ቀን ላይ ሥራ ሲዘጋ በዘንቢል፣ ከላይ ጎመን ጭና፣ እየተመላለሰች ቤት አመጣቻቸው። ዘበኛው «ጎመን በዛ» አላት። «እናቴ መጥታ ነው» አለችው።

ማን ያድርሳቸው? እኔ አለሁ። ግን ከተማዋን አላውቅም። ማርታን ጠራሁላት። አስካለ መጀመሪያ አልወደደችውም፤ አንድ ሰው በጨመርን ቁጥር አንድ አፍ ጨመርን አለች። ማርታ ግን ዓሳ ይዛ ከቤት ቤት ስትዞር ማንም ዘወር ብሎ አያያትም። ከጓዳዋ ያለው ልጅ ደግሞ ዋስትናዋ ነበር።

አስካለ እያንዳንዱን ካርድ ጽሕፈቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፋ በክር አሰረችው። ከላይ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን ብቻ በእርሳስ ጻፈች። «ክሩ አይፈታም። እጅ በእጅ ነው፤ ለእናት ወይም ለራሱ። በር ሥር አይጣልም፣ ለጎረቤት አይሰጥም። ሲቀበሉ ቁጥሩን በላጲስ ያጥፉት» አለችን። ማርታ በቅርጫቷ የእንሰት ቅጠል አንጥፋ፣ ካርዶቹን ደርድራ፣ እንደገና ቅጠል አልብሳ ዓሳውን ከላይ ደረደረች። እኔ ብብቴ ውስጥ፣ በነጠላዬ ሥር ያዝኩ። ማርታ መሐል ከተማውን፣ እኔ ታቦርን ተካፈልን።

አንድ ቦታ ላይ ክር ላልቶ ካርዱ ነጠላዬ ውስጥ ተከፈተ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ማንበብ አለመቻሌን ሳማርር ኖሬ፣ ያን ቀን ማንበብ መቻሌ ከበደኝ። ፊደሉ እንደሆነ ካየሁት ይነበባል፤ ዓይን አይታዘዝም። ቀና ብዬ ተራራውን እያየሁ፣ በጣቴ እየዳበስኩ አጥፌ አሰርኩት።

ሰው አቀባበሉ ልዩ ልዩ ነው። አንዷ እጄን ሳመች። አንዱ አባት ተቀብሎኝ ሳይናገር በሩን ዘጋ። አንድ ቤት ግን የከፈተችልኝ ሴት ገና ቁጥሩን ሳልጨርስ «ወንድ ልጅ የለኝም» አለች። ከኋላዋ ገመድ ላይ የወጣት ሱሪ ተሰጥቷል። አየሁት። እንዳየሁት አየችኝ።

«ውሃ አጠጪኝ እስቲ» አልኳት።

እንቢ ማለት አልቻለችም። በርጩማ አመጣችልኝ። «ከየት ነዎት?»

«ከደብረ ሲና።»

«ቀበሌ ነው የላከዎት?»

«እኔን ማን ይልከኛል? የራሴ እግር ነው።» ውሃውን ጠጣሁ። «ልጅ ቢኖርሽ ኖሮ፣ ታሞም ቢያውቅ፣ ሐኪም የጻፈለት ነገር ከመንግሥት መደርደሪያ ይልቅ አንቺ ዘንድ ቢቀመጥ ደስ ይልሽ ነበር?»

ባዶውን ኩባያ ከእጄ ተቀበለች። «ቢኖረኝ ኖሮ» አለች፣ «ደስ ይለኝ ነበር።»

«እጅ በእጅ ነው የተባልኩት።»

እጇን ዘረጋች። ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከትታ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ስንለያይ «የሌለው ልጄ ያመሰግንዎታል» አለችኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ የቀሩትን አደረስን። ማርታም እነሱ በየቤቱ ተደብቀው ከሚጸልዩበት መጥታ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ተዘግቶ ነበር። እኔ በካህን፣ እሷ ያለ ካህን፤ በሌላ ጊዜ ብንገናኝ በዚህ እንከራከር ነበር። ቅርጫቷ ባዶ ሲሆን አብረን ቤቷ ገባን።

ማቴዎስ ይቃዣል። ቅቤዬንም እናቱንም አያውቅም። ዓይኑ ወደ ላይ ሄዷል። ማርታ አንዴ አይታው ሮጣ ጋሪ አመጣች፤ ጫንነው። መንገድ ላይ ከደረቷ የእህቷን ልጅ ካርድ አውጥታ ያዘችው። እኔ አየሁት፤ ምን ልበላት? እኔ እንደሆንኩ የኔ ልጅ አይደለም ያለው ጋሪው ላይ።

የድንገተኛው በር ክፍት ነው። አስካለ ተረኛ ባትሆንም መጥታ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቷል።

«ስም?» አለች አስካለ። የማታውቃት ያህል ነው የጠየቀቻት።

ማርታ በእጇ ያለውን ካርድ አየች። ከዚያ ወደ ደረቷ መለሰችው። «ማቴዎስ ሀሜሶ» አለች። «አሥራ ዘጠኝ።»

ዕድሜውን ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ማንም ቀና አላለም። አስካለ ከሕፃናቱ መደርደሪያ ቀርቶ የነበረውን የልጅነት ካርዱን ፈልጋ አወጣች። ሐኪሙ ገልጦ አየና «በልጅነቱ ለወባ የተሰጠው አልሠራለትም ነበር» ብሎ ሌላ መድኃኒት አዘዘ፤ ግሉኮስ ተተከለለት። ሐኪሙ ጽፎ ሲጨርስ አስካለ ካርዱን ተቀብላ ወደ መደርደሪያው አልሄደችም። ለማርታ ሰጠቻት።

ሰኞ

እኔ አስታማሚ መስዬ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ፤ መሰልኩ እላለሁ እንጂ ነበርኩም። ሦስት ሰዎች ከአቶ በላይ ጋር መጡ። ወፍራሙ ሰው መደርደሪያውን አየ። በመካከሉ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ክፍት ክፍት ነበር።

«የወጣቶቹ ካርድ የት ነው?»

«ባለቤቶቹ ወሰዱት» አለች አስካለ።

«ባለቤቶቹ?»

«ሕመምተኞቹ።»

«በማን ፈቃድ?»

«በራሳቸው።»

ሰውዬው ወደ አቶ በላይ ዞረ። አቶ በላይ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ላብ በአንገቱ ይወርዳል። ልጄን ብቻዋን ሊተዋት ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «መደርደሪያው ጠቦን ነበር» አለ። ይህችን ብቻ ነው የተናገረው። ለሷ ትንሽ ናት፤ ለሱ ግን ትልቅ መሆኗን ላቡ ይናገር ነበር።

ወፍራሙ ሰው ወደ ተኝቶ ታካሚዎቹ ክፍል ሄደ። ተከተልኩት፤ አሮጊት የት ትሄጃለሽ የሚላት የለም። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ እስከ ዓይኑ የተሸፈነ ሰው። ማርታ ከሦስተኛው አልጋ ጎን ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። ካርዱ እዚያ ነው። ሰውዬው ማን ማን እንደሆነ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ጥቂት ቆመ፤ ነርሷ «እያከምን ነው፣ ይዝጉልን» አለችው። ዘጋው።

አስካለን ይዘዋት ሄዱ። ቀበሌ ውስጥ አሳድረው ለቀቋት። ምን እንዳሏት ጠየቅኳት፤ «ጠየቁኝ፣ አልነገርኳቸውም» አለች፤ ከዚህ የበለጠ አላገኘሁም። ያን ሌሊት እኔ የማደርገውን አጥቼ ሳለሁ የማርታ ጎረቤቶች፣ አንዳቸውም የኔን ቋንቋ በቅጡ ሳይችሉ፣ ዓሳ ጠብሰው አመጡልኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሰውን ሳይጠይቁ መጠየቅ እንደሚቻል እዚያ ነው ያየሁት።

ከዚያ ወዲያ

ኮሚቴው ቤት ለቤት አሰሰ፤ አቶ በላይ የፈራው አልቀረም። የታፈሰ አለ፤ ያመለጠም አለ። የቱ ይበዛ እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም ልክ ነበር፣ እሷም ልክ ነበረች ብል አስካለ አትወድልኝም። ማቴዎስ ከአልጋው ሲነሳ በጀልባ ወደ ሐይቁ ማዶ ተሻገረ፤ ከዚያ የት እንደሄደ እናቱ አልነገረችኝም። ደህና ሰንብቱ ሊለኝ ሲመጣ ግን ትንሽ ሥጋ ለብሶ ነበር።

የአስካለ የዝውውር ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ፤ ርቆ ደጋ ላይ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተላከች። የፈረመው አቶ በላይ ነው። እኔ ተናደድኩ። እሷ «እሱ ባይፈርም ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ይልከኝ ነበር» ብላ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች። እስክትሄድ ቆይቼ፣ እሷን ከሸኘሁ በኋላ በማግስቱ የኔን አውቶቡስ ያዝኩ።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ጊዜ ነበረኝና በጠዋት አንዴ ሐኪም ቤቱን ልይ ብዬ ሄድኩ። በልጄ መስኮት ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤ ገና የተቀጠረች፣ ጸጉሯን በሥርዓት የተሠራች። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊት ካለችው እናት ኋላ ረጅም ወጣት ቆሟል፤ በብርድ ይንቀጠቀጣል። እናትየዋ ከደረቷ የታጠፈ ካርድ አውጥታ ሰጠች። ልጅቷ ስትገልጠው አፍንጫዋን ጨመደደች፤ ዓሳ ዓሳ ይሸታል። ቢሆንም አነበበች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ሐኪሙ ጋ ላከቻቸው። ሲመለሱ ካርዱን ከእናትየዋ ተቀብላ ልማዷ ነውና ወደ መደርደሪያው ዘወር አለች።

እናትየዋ ከመስኮቱ አልሄደችም። መዳፏን በመስኮቱ ውስጥ አስገብታ ዘርግታ ቆመች። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ አልገፋትም። ልጅቷ መዳፉን አየች፣ ካርዱን አየች፣ እንደገና መዳፉን አየች። ከዚያ ካርዱን እዚያ ላይ አስቀመጠችው።